ተነስተህ አንብብ ሲባል ላብ የሚያጠምቀው የ8ኛ ክፍል ልጅና አቧራ የጠጣው ኮምፒውተር

እዚህ ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ልጅ ነበረኝ። ተነስተህ አንብብ ሲባል መጽሐፉን ፊቱ ላይ ከፍ ያደርግና ጎኑ ያለው ጓደኛው በሹክሹክታ የሚነግረውን እየደገመ «ያነባል»። ግማሽ ዓመት ሸወደኝ። የነቃሁበት ጓደኛው የቀረ ቀን ነው።

እንዲህ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ዛሬ 7ኛና 8ኛ ክፍል የደረሱት ልጆች ፊደል በሚቆጥሩበት ዕድሜ በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወሎ ገባ፣ ከዚያም በኋላ በብዙ ቦታ ትምህርቱ እየተቋረጠ መጣ። ክፍል ተሻገሩ፤ ንባቡ ግን ወደ ኋላ ቀረ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሼም የሚባል ነገር አለ። 15 ዓመት የሞላው፣ ጺሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ልጅ 40 ሰው ፊት «በ... ቡ...» እያለ ከሚያነብ ዱላ ቢቀምስ ይመርጣል።

ኮምፒውተሩ የሚጠቅመን እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሃያ ጊዜ ቢሳሳት ሃያ ጊዜ ይደግምለታል፣ አይሰለችም፣ ፊቱን አያኮሳትርም፣ ማንም ሙድ አይይዝበትም። ከዚያ አልፋችሁ ማስተማሩንም ለእሱ ከጣላችሁት ግን ትከስራላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ምክር ቤቱ ባዘዘው ትልቅ ጥናት የንባብና የሒሳብ ሶፍትዌሮች ክፍል ውስጥ ገብተው ተፈትነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት ሶፍትዌሩን የተጠቀሙት ክፍሎች ካልተጠቀሙት ያን ያህል የተሻለ ውጤት እንዳላመጡ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ማሽኑን ስለገዛችሁ ወይም በእርዳታ ስላገኛችሁ ብቻ ተአምር አትጠብቁ። ሥራው ያለው አደራረጉ ላይ ነው፤ እኔ የማደርገውን ለእናንተ ለመምህራን በየተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደጎደለው እወቁ

ይህን ሳታደርጉ ኮምፒውተር አትክፈቱ። ልጁን ለብቻው ጥሩት፣ በር ዝጉ። ከ4ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ከዚህ በፊት ያላየውን ከ100 እስከ 120 ቃል ያለው ምንባብ አዘጋጁ፤ አንድ ቅጂ ለእሱ፣ አንድ ቅጂ ለእናንተ። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉና አንብብ በሉት። የተሳሳተውንና የዘለለውን ቃል እናንተ ቅጂ ላይ ሰረዝ አድርጉበት። ደቂቃው ሲሞላ 52ኛው ቃል ላይ ደርሶ 9 ከተሳሳተ ውጤቱ 43 ነው። ከዚያ ስላነበበው ነገር አራት አምስት ጥያቄ ጠይቁት።

ኢንተርኔት ላይ «የ8ኛ ክፍል ተማሪ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ማንበብ አለበት» የሚሉ ሠንጠረዦች ታገኛላችሁ፤ እነሱ ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው፣ ተዉአቸው። የእኛ አንድ ቃል «ስላልተሰበረባቸው» ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ይህ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ በራሴ ልምድ በዚህ ምንባብ ከ40 በታች የሆነውን ልጅ በኮምፒውተር ወደምንሠራው የንባብ ማጠናከሪያ አስገባለሁ። የእኔ መስፈሪያ ናት፤ እናንተ ክፍላችሁን አይታችሁ አስተካክሉ።

ቀጥላችሁ ሌላ ተመሳሳይ ምንባብ እናንተ አንብቡለትና ጠይቁት። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ጎፍ እና ታንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ቀላል ሐሳብ አለ፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ ሲባዛ ቋንቋውን መረዳት ነው። ማባዛት ነው፣ መደመር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው። ሲነበብለት ሁሉን የሚመልስ፣ ራሱ ሲያነብ ግን የሚጠፋበት ልጅ ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። ሲነበብለትም የማይገባው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከከሚሴ በኩል መጥቶ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ቁቤ የለመደና አማርኛው ገና የሆነ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱን ፊደል ጌም ላይ ብትጥዱት ጊዜውን ነው የምታባክኑት፤ ወሬና ቃላት ነው የሚያስፈልገው።

በመጨረሻ ፊደል። ሀ ሁ ሂ ብሎ በዜማ የማይወጣ ልጅ የለም፤ ዜማውን ነው የያዘው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ከነዚያ ውስጥ 50 ያህሉን አመሰቃቅላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ጠቁሙት። ሩና ሪ፣ ፉና ፊ፣ ኖና ና፣ ዕና ፅ፣ ጸና ጰ ይኑሩበት። ቋ፣ ጓ፣ ሟም ጨምሩ። የት ላይ እንደሚደናቀፍ በአምስት ደቂቃ ይታያችኋል።

በዚያው ዓይኑንም እዩ። መጽሐፉን አፍንጫው ላይ የሚለጥፍ ወይም ዓይኑ የሚያለቅስ ልጅ ካለ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከመነጽር በፊት ሶፍትዌር ምን ያደርግለታል?

ስም አወጣጥ ላይ ተጠንቀቁ

የመጀመሪያው ዓመት በሩ ላይ «ለንባብ ደካሞች የተዘጋጀ» ብዬ ለጠፍኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ቀድጄ «የኮምፒውተር ክበብ» ብዬ ጻፍኩና በቁልፍ ሰሌዳ መጻፍም እናስተምራለን አልኩ፤ ያልጠራኋቸው ሁሉ ተሰለፉ። ጥሩ የሚያነቡ ሁለት ሦስት ልጆችም አስገቡ፤ ቤቱ የሰነፍ ቤት እንዳይመስል፣ ደግሞም በኋላ ድምፅ ሲቀዳ ይጠቅሟችኋል።

ማሽኖቹን ማዘጋጀት

እኛ ጋ 20 ኮምፒውተር አለ ተባለ፤ ከፍቼ ሳያቸው የሚነሱት ስድስት ናቸው። ስድስት ይበቃል። አቧራቸውን አራግፉ፣ አይጥ የበላውን ገመድ ቀይሩ። ለእያንዳንዱ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ ያለ ማዳመጫ ይህ ሥራ የለም፣ ምክንያቱም ሚስጥሩ በሙሉ ልጁ ብቻውን መስማቱ ነው። ርካሹ የስልክ ማዳመጫ ይሆናል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት አሮጌ ማሽን አማርኛውን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባል ነፃ ፎንት አለ፣ እሱን ጫኑ። ለመጻፊያ ኪይማን የሚባል ፕሮግራም አለላችሁ። የፊደሉን መጠን 36 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ፤ በትንሽ ፊደል ሩና ሪ ለጀማሪ አንድ ናቸው።

ፍላሽ ደግሞ አለ። ሾርትከት ቫይረስ አንዴ ከገባ የሁለት ወር ቀረጻችሁን ድራሹን ያጠፋዋል፣ ደርሶብኝ ነው የምላችሁ። አንድ ፍላሽ ብቻ ይኑራችሁ፣ ከኪሳችሁ አይውጣ፣ ሙዚቃ ቤት አይሂድ። የሁሉንም ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የምን ፕሮግራም?

በውጭ አገር ለዚህ ዕድሜ ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሪድ 180 የሚባለው ታዋቂው ነው። የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም የእኛ አይደለም። አደረጃጀቱን ግን መስረቅ ይቻላል፤ እመለስበታለሁ። አንጎልን አሠልጥኜ ንባብ አሻሽላለሁ የሚለው ፋስት ፎርወርድ ደግሞ ብዙ ተወርቶለት እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲመዘኑ እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ማስታወቂያ አይታችሁ አትሩጡ። እኔ የምጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? አማርኛ ነው? ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን ድምፅ ያሰማዋል ወይስ «ተሳስተሃል» ብሎ ብቻ ያልፋል? የ15 ዓመት ልጅ ቢከፍተው ያፍራል? የመጨረሻዋን አትናቋት። አንዴ ጭራ ያለው ካርቱን የሚጨፍርበት የሕፃናት ጌም ከፍቼ፣ አንዷ ልጅ አየት አድርጋ ላሽ አለች፤ ሳምንት ሙሉ አልተመለሰችም።

ነፃ ሆኖ የሚጠቅም አለ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ የተጻፉ፣ ማተምም ማሻሻልም የሚፈቀድ አጫጭር ተረቶች አሉ። ለልጆች የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ «ለታናሽ እህትህ የምታነብላት ናት፣ ተለማመዳት» ብላችሁ ስጡት። ክብሩ አይነካም፣ እህቱም ትጠቀማለች። ብሉም የሚባለው፣ ኤስ አይ ኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት የሠራው ፕሮግራም ደግሞ የራሳችሁን ጽሑፍ ከነድምፁ መጽሐፍ ያደርግላችኋል፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ትቀዳላችሁ፣ ሲከፈት የሚነበበው ዓረፍተ ነገር ቀለም እየተቀባ ይሄዳል። የተሠራውን በስልክ ብሉም ሪደር በሚባል መተግበሪያ መክፈት ይቻላል።

አብዛኛውን ግን በፓወርፖይንት ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። ሦስት ዓይነት እሠራለሁ።

የመጀመሪያው የፊደል ነው። አንድ ስላይድ ላይ አንድ ፊደል፣ ድምፅ የለውም፤ ትራንዚሽን ውስጥ ገብታችሁ በ3 ሰከንድ ራሱ እንዲያልፍ አድርጉ። ቀጣዩ ስላይድ ላይ ያው ፊደል ከነድምፁ፣ ድምፁ በራሱ እንዲጀምር። ልጁ በሦስቱ ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይላል፣ ከዚያ ይሰማና ያመሳክራል። የሚስታቸውን ፊደላት ብቻ ነው የምታስገቡት፣ 231ዱን አይደለም። ልጁ ሲለምድ ወደ 2 ሰከንድ አውርዱት።

ሁለተኛው ቃል እያደገ የሚሄድበት ነው፣ ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያየሁበትም ይኸው ነው። የኛ ልጆች ሰበረ የሚለውን ያነባሉ። ስላልተሰበረባቸው ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አይተው የቀረውን ይገምታሉ። ስለዚህ በአንዱ ስላይድ ሰበረ፣ በቀጣዩ ተሰበረ፣ አልተሰበረም፣ ስላልተሰበረ፣ ስላልተሰበረባቸው እያላችሁ አሳድጉት። ሥሩ ሁልጊዜ ጥቁር፣ አዲስ የተጨመረው ቀይ ይሁን። ሥሩ ከመሀል ሳይነቃነቅ ግራና ቀኙ ሲያብጥ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። ከአሥር ቃል በኋላ «ቲቸር፣ ሁሉም ውስጡ ትንሽ ቃል አለው ማለት ነው?» ያለኝ ልጅ አለ። አዎ፣ የአማርኛ ሰዋስው ግማሹ እሱ ነው።

ሦስተኛው የሚጠብቅና የሚላላ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። ገና፣ ዋና፣ አለ፣ ይበላል፣ ሽፍታ... እያንዳንዱ ሁለት ንባብ አለው። ደህና አንባቢ ከዓረፍተ ነገሩ ይለየዋል፤ ደካማው አንዱን ይይዝና «ትርጉም የለውም» ብሎ ያቆማል። «ልጁ ዋና ይችላል» እና «ዋናው መንገድ ተዘጋ» የሚሉትን ሁለት ስላይድ አድርጋችሁ፣ መጀመሪያ ልጁ ያንብብ፣ ከዚያ ድምፁን ይጫን። እዚህ ላይ ወረቀት ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሩም ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ምንባቦቹን ከልጆቹ ኑሮ አምጡ

የመማሪያ መጽሐፉን ብቻ እየቀዳችሁ ከሰጣችኋቸው በሦስተኛው ቀን ያዛጋሉ። ባጃጅ መንዳት የሚመኝ ልጅ ካለ የመንገድ ምልክቶችን ማብራሪያ ስጡት። የቴሌብር መልእክት እናቱ «አንብብልኝ» ስትለው የሚደነግጥ ልጅ አለ፤ ያንን መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ሥሩለት። የባቲ ሰኞ ገበያ፣ የሐይቅ ዓሣ፣ የእግር ኳስ ውጤት፣ እንቆቅልሽ፣ ሁሉም ይሆናል።

አንድ የወሎ ሀብት ደግሞ አለ። ብዙ ልጆች መንዙማ በቃላቸው ያውቃሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ መዝሙር። የወሎ ዑለሞች አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ከመድረሳ የመጣ ልጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት፣ ደረቱ ይነፋል። ዓረብኛ ፊደል የቻለ ልጅ የኛን ፊደል አይችልም የሚል ማነው? ልጁ በቃሉ የሚያውቀውን ግጥም በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ፣ ዜማውን በማዳመጫ እየሰማ በጣቱ እንዲከተል አድርጉ። ቃሉን ስለሚያውቀው ዓይኑ ፊደሉን ለማግኘት ጊዜ ያገኛል። ብቻ እየዘመረ ሳያይ እንዳይነጉድ፣ አንዳንዴ ድምፁን መሀል ላይ አቁማችሁ «አሁን የቱ ላይ ነህ?» በሉት። ወላጅንም አስቀድማችሁ አማክሩ።

ድምፁን ማን ይቅዳ? ጥሩ የሚያነቡት ልጆች። በስልክ፣ ፀጥ ባለ ክፍል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በማይመታበት ሰዓት። ፍጥነቱ ከበዛ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ቼንጅ ቴምፖ የሚለው ድምፁን ሳያጎረንን ቀስ ያደርገዋል። ቪኤልሲ ማጫወቻም ፍጥነት መቀነሻ አለው።

የሰዓቱ አደራደር

ሪድ 180 ክፍለ ጊዜውን 90 ደቂቃ ያደርግና ልጆቹን በሦስት ቡድን ከፍሎ በየ20 ደቂቃው ያዘዋውራል፦ አንዱ ቡድን ከመምህሩ ጋር፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ብቻውን መጽሐፍ ላይ። እኛ 90 ደቂቃ የለንም። በፈረቃ ስለምናስተምር ልጆቹ ከፈረቃቸው ውጭ ይመጣሉ፤ 18 ልጅ፣ ስድስት ስድስት፣ በየ15 ደቂቃው መዞር። በሳምንት አራት ቀን። የገበያውን ቀን ዝለሉት፤ በዚያ ቀን ግማሹ ልጅ አህያ እየነዳ ነው፣ ቀሪ እያላችሁ ብትመዘግቡት ራሳችሁን ነው የምታደክሙት።

ኮምፒውተሩ ላይ ባለው 15 ደቂቃ ልጁ የሚያደርገው ይህ ነው። አራት ደቂቃ የፊደል ወይም የቃል ስላይድ። ከዚያ አንድ አጭር ምንባብ፣ ከ60 ቃል የማይበልጥ፤ አንዴ እየተከተለ ይሰማል፣ ሁለተኛ ከድምፁ ጋር አብሮ ያነባል፣ ሦስተኛ ድምፁን ዘግቶ ብቻውን ያነባል፣ አራተኛ ራሱን ይቀዳና ያዳምጣል። ያንኑ ምንባብ ደጋግሞ ማንበብ ፍጥነት እንደሚያመጣ ሳሙኤልስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፎበታል፤ የቄስ ትምህርት ቤትም የቁርዓን ቤትም ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር። ራስን መቅዳቷን አትዝለሉ። ልጁ የራሱን ድምፅ ሲሰማ «እንዴ፣ ይቺን ዘልያታለሁ» ይላል፤ እናንተ ብትነግሩት ይከፋዋል፣ ራሱ ሲያገኘው ይስቃል።

እናንተ ጋ የሚቀመጠው ቡድን ደግሞ ያነበበውን ያወራል። እዚህ ፊደል አታርሙ። «ይሄ ሰውዬ ለምን ዋሸ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ተከራከሩ፣ ያልገባቸውን ቃል አውጡ። ይህንን ማሽን አይሠራላችሁም።

የማሽኑን ማርክ አትመኑ

አንዱ ልጅ ምርጫ ባለበት የፈተና ስላይድ ላይ ከ20 20 እያመጣ ነበር። ደስ ብሎኝ ለርዕሰ መምህሩ ሁሉ ነገርኩ። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ሳየው ቃሉን አያይም፤ መልሱ የቱ ጥግ ላይ እንዳለ ሸምድዶታል! ስለዚህ የመልሶቹን ቦታ ቀያይሩ፣ ከዚያም በላይ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ምንባብ አውጥታችሁ በዚያችው በአንድ ደቂቃ መስፈሪያ ለብቻው አስነብቡት። ቁጥሩን ልጁ ራሱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ለሁለት መለኪያ ያህል፣ ማለትም ለወር፣ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቡድኑ ወይም ምንባቡ አልገጠመውም ማለት ነው። ወደ ታች ዝቅ አድርጉ ወይም ፊደሉን እንደገና ፈትሹ።

መብራት ሲሄድ

ይሄዳል። ስላይዶቹን ወረቀት ላይ አትማችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ገጽ ላይ ስድስት ስድስት ይበቃል። ድምፁ በሁለት ስልክ ላይም ይኑር። መብራት በሄደ ቁጥር ልጆቹን የምትበትኑ ከሆነ በወር ውስጥ መምጣት ያቆማሉ።

እንግሊዝኛውስ?

9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጆች በእሱ እንድጀምር ይፈልጋሉ። አልጀምርም። በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በማይሰማው ቋንቋ ሲጀምር ሁለቱንም ያጣል። አማርኛው ላይ ከ60 ቃል ካለፈ በኋላ ግን ያንኑ አሠራር ወደ እንግሊዝኛ አዙሩት፤ እዚያ ላይ እንዲያውም ይቀላል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ራሱ እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መቅዳት አያስፈልጋችሁም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ቤቱ ውስጥ ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ሚሞሪ ካርዱን ያምጣ፤ አሥር ምንባብ ከነድምፁ ጫኑለት፣ ጽሑፉንም በወረቀት ስጡት። ስልኩ ተራ ቢሆንም ድምፁን ያጫውታል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲከለክላቸው፣ ከብት ጥበቃ ላይ ማዳመጫ ሰክተው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው የሚከተሉ ሁለት ልጆች አሉኝ። መስከረም ላይ ሲመጡ ወረቀቱ ተበጣጥሷል፤ አዲስ ስጡኝ ይላሉ።